ምን ምን ትላለች?

«ምን ምን ትላለች?»

ይህን የሰማሁት ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ነው። ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ፤ አንደኛዋ እናቴ፣ ሁለተኛዋ ጎረቤታችን ሃሴት። በመካከላቸው የሁለት ወር እህቴ ተኝታለች። «ጠረኗ ተለውጧል» አለች አንዷ። «ምን ምን ትላለች?» አለች ሌላዋ። ከዚያ በኋላ የተሰጠው መልስ ነው የጠፋኝ። አጭር ነገር እንደነበረ አውቃለሁ። ቃሉ ግን የለም።

በዚያው ከሰዓት በኋላ እህቴን ጠቅልለው ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ ደሟ ተመርዟል አለ፤ ትኩሳቱ ገና አልጀመራትም ነበርና «እንዴት አወቃችሁ?» ብሎ ተገረመ አሉ። እህቴ ዛሬ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባቡር ትነዳለች። በእኔ ትዝታ አሽትታ የደረሰችበት ሃሴት ናት፣ እናቴ ጠያቂ ናት። እንዲህ አድርጌ ይዤው ኖርኩ።

ያ በሁለት ሺህ ሠላሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። አሁን ሰማንያ አራት ላይ ነን።

የምኖረው ጥቁር ምንጭ ከተማ፣ ወንዝ ማዶ የሚባለው ሰፈር ነው። ቆዳ ፋብሪካው ከታች፣ ሰፈሩ ከላይ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ይነፍሳል። ጠዋት ጠዋት በጤና ጣቢያው ምሰሶ ላይ ባንዲራ ይሰቀላል፤ አረንጓዴ ከሆነ ነፋሱ ተኝቷል፣ ቢጫ ከሆነ ተነሥቷል። ድሮ ሰው ሽታውን «ጎረቤት» ይለው ነበር። «ጎረቤት መጣ» ሲባል መስኮት ይዘጋል፣ ልጆች ያስመልሳሉ፣ አዲስ የተመደበ አስተማሪ በሳምንቱ ዝውውር ይጠይቃል። አየሩን ማጣራት ሠላሳ ዓመት ስብሰባ የተቀመጡበት ጉዳይ ነበር። በሃምሳ አምስት፣ ሽታውን ለጨቅላ አፍንጫ የሚዘጋው ጠብታ መጣ፤ ስብሰባው በአንድ ክረምት ተዘጋ።

አሁን በሰፈሩ ከሠላሳ ዓመት በታች ያለ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ክድን ነው፤ በጨቅላነቱ ጠብታውን ወስዷል። ሳንከደን ያደግነው ደግሞ «ግልጥ» እንባላለን። ክድኖቹ ቢጫ ባንዲራ በተሰቀለበት ቀን መስኮት ከፍተው ምሳ ይበላሉ። ሎሚ ይሸታቸዋል፣ ጭስ ይሸታቸዋል፣ በርበሬ ያስነጥሳቸዋል። ወተት መበላሸቱን፣ ሥጋ መክረሙን ግን ግድግዳ ላይ በተሰቀለች መሣሪያ ነው የሚያውቁት። መሣሪያዋን «አፍንጫ» ይሏታል። «አፍንጫዬን ቢሮ ረሳኋት» ይላል ሰው፤ ማንም አይስቅም። «ጋሽ ምትኩ፣ አፍንጫችን ባትሪ ጨርሳለች፤ እስቲ ይቺን ወተት ያሽትቱልን» ብላ የምታንኳኳ ጎረቤት አለችኝ። አሸታለሁ። ሐሜት ሲበዛ አንዱ «ኧረ ክድን ይበል!» ካለ፣ «እኛ እንደሆነ ከተከደንን ቆየን» ይላሉና ይስቃሉ።

ሥራዬ አድማጭነት ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ጠብታው ከመሰጠቱ በፊት ወላጆች ምን እንደሚደረግ፣ ሐኪም ላልሆነ ሰው በራሳቸው አንደበት ይንገሩ፤ ያ ሰው መረዳታቸውን ካመነ «ሰምቻለሁ» ብሎ ይጻፍ። ያ ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ ነበርኩ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት የመምህራን ኮሌጅ ዘበኛ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ወንበሬን በባዮሎጂ ክፍል መስኮት ሥር አስቀምጬ አዳምጫለሁ። ያልገባኝን በሚቀጥለው ዓመት ደግሜ እሰማለሁ። ትምህርቱ በየዓመቱ ያው ነው፤ አስተማሪውም ቀልዱን አይለውጥም ነበር።

ለወላጆች የምነግራቸው ከዚያ መስኮት ሥር ያገኘሁትን ነው። በአፍንጫችን ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የማሽተቻ ሕዋስ አራት መቶ ያህል ገጽ ያለው መጽሐፍ ይዞ ይፈጠራል እላቸዋለሁ። ገና ለጋ ሳለ ብዙውን ገጽ ገለጥ ገለጥ ያደርጋል። ሲጎለምስ አንዱን ይመርጥና ሌላውን ሁሉ ይዘጋል። ያንን አንድ ገጽ እስኪሞት ያነባል። የትኛውን እንደሚመርጥ ማንም አያዝዘውም፤ ዕጣ ነው። ሕዋሱ በአንድ በሁለት ወር ያልፋል፣ ከሥሩ ሌላ ይበቅላል፣ እሱም የራሱን ዕጣ ያወጣል። ይህን ሁሉ ሽታ የምንለየው ሚሊዮን ሕዋስ ለየራሱ ዕጣ ስላወጣ ነው። ሐዋርያትም በይሁዳ ምትክ ማትያስን ያገኙት በዕጣ ነው፤ ይህን ግን ለራሴ ነው የምለው፣ ለወላጆች አልናገረውም።

ጠብታው ፊደል አይፍቅም። ገጽ ነው የሚሰፋው። አዲሶቹ ሕዋሳት የሚበቅሉባቸው እናት ሕዋሳት ገና ሲደላደሉ፣ ስልሳ ሁለት ገጽ ሰፍቶ ይዘጋባቸዋል፤ ከእነሱ የሚበቅለው ሁሉ የተሰፋውን መጽሐፍ ይወርሳል። ጽሑፉ አለ፣ የሚያነበው የለም። ይህ የሚሆነው በተወለዱ እስከ ሰማንያኛው ቀን ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጠብታው አይዝም፤ የተሰፋውም አይተረተርም።

ኖላዊት ልጇን ታቅፋ ከባሏ ጋር ጤና ጣቢያው የመጣችው በሰባ ስድስተኛው ቀን ነው፤ ኅዳር ውስጥ፣ ቢጫ ባንዲራ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ሰፈር ተወልዳ እዚሁ ተከድና ያደገች። ባሏ ቃልአብም እንደዚያው ነው፤ ፋብሪካው ጥሬ ቆዳ ክፍል ይሠራል። ልጅቷ ትርሲት ትባላለች። ሰማንያ ቀን ሲሞላት፣ በዚያው በመጨረሻው ቀን፣ ክርስትና ልትነሣ ነው።

ትርሲት ነፋስ ባለበት ቀን አትጠባም። አረንጓዴ ሲሰቀል ትጠባለች፣ ቢጫ ሲሰቀል ጡቱን ትገፋለች። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ተወልዳ፣ አሁን አራት ኪሎ እንኳ አልሞላችም። ሐኪሙ እንዲህ ከቀጠለች በቱቦ እንመግባታለን ብሏል።

«በይ፣ በራስሽ አንደበት ንገሪኝ» አልኳት።

«ቆዳው አይሸታትም። ትጠባለች። ታድጋለች። በቃ።»

«ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ያለውስ?»

ቃልአብ ቅጹን ወደ ብርሃን አዙሮ አነበበ። «የሰውን ጠረን የመለየት ችሎታዋ ሊቀንስ እንደሚችል ተረድተናል።»

«እሱ ምንም አይደል» አለች ኖላዊት። «ጠረኗ ለራሴም አስቸግሮኛል። ትናንት ሠላሳ ስምንት ገብቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ነው ያወረድኩት።»

እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ነክቶ ነበር። «ምኗ ነው ሠላሳ ስምንት የገባው?»

«ጠረኗ!» አለችኝ ድምጿን ከፍ አድርጋ፤ ጆሮዬ የከበደ መሰላት።

«ጠረን ምንድን ነው፣ ኖልዬ?»

«እንዴ ጋሽ ምትኩ! የሰውነት ሙቀት ነዋ።»

«ዛሬ ደግሞ ፈተና አለው እንዴ?» ብሎ ቃልአብ ሳቀ። «እንዳወቅን ይቁጠሩልን። ቴርሞሜትር ገዝተናል።»

ቴርሞሜትር። ይህን ቀልድ ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ከሦስት አባቶች አንዱ «ቴርሞሜትር አለን» ይላል፣ ሚስት ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። ወላጆች ሲጨንቃቸው የሚቀልዱት ይመስለኝ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። የእነዚህ ልጆች እናቶች ግልጦች ነበሩ። ልጃቸው አንገት ሥር አፍንጫቸውን ቀብረው «እፍ! ጠረኗን እኮ!» ሲሉ ኖረዋል። ክድኗ ልጅ አንገቷ ላይ የተሰማት የእናቷ ትንፋሽ ነው፤ ሙቀት። ስለዚህ ጠረን ሙቀት ሆነ። ቃሉን ከእናታቸው ወረሱት፣ የሚጠሩበትን ነገር ግን አልወረሱም። በምንም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ አይጋለጥም። «የልጅ ጠረን ደስ ይላል» ይላሉ። ሙቀትም ደስ ይላል።

«ዛሬ አልጽፍም» አልኳቸው።

ቃልአብ ሳቁን አቆመ። «አራት ቀን ነው የቀራት፣ ጋሽ ምትኩ። እርስዎ ካልጻፉ ሲስተር ጠብታውን አትሰጥም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ልጄ አትበላም እያልኩዎት ነው!»

«እሱንም ሰምቻለሁ» አልኩት። ወረቀት ላይ ሳይሆን በአፌ ስለው ቃሉ ከበደኝ።

ሲስተር ሩሐማ የጣቢያው ኃላፊ ናት፤ ከሌላ ከተማ የመጣች ግልጥ፣ ቢጫ ሲሰቀል ጭንብሏን አጥብቃ የምትሠራ ሴት። የሆነውን ስነግራት ጭንብሏን ዝቅ አደረገች።

«ቃሉ የማይገባቸው ከሆነ እናውጣዋ። ሌላ ቃል እናስገባ።»

«ምን የሚል?»

አሰበች። «የሰው ሽታ?»

«የሰው ሽታ ሲባል የብብት ላብ ነው የሚመስላቸው። እሱ ይቅርብን ይላሉ።»

«እውነት ነው፣ እኔም ይቅርብኝ እላለሁ» አለችና ሳቀች፤ ቶሎ ግን ተወችው። «ስንት ጊዜ ጽፈዋል፣ ጋሽ ምትኩ?»

መዝገቡን አውርጄ ነበር። «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ለምንድን ነው ግን ሰው ከቆዳው ጋር የሚዘጋው?» አለች፣ እንደማታውቅ ሳይሆን ከሌላ ሰው አፍ መስማት እንደፈለገ ሰው።

«በነዚያው ገጾች ላይ ስለተጻፉ ነው። ሰውም ቆዳ ነው።»

«እስከ ሰባ ዘጠነኛው ቀን ማታ ድረስ ጠብታውን አቆየዋለሁ» አለች። «ከዚያ በላይ አልችልም። ልጅቷ ክብደት አልጨመረችም፤ የሚገድላት ደግሞ የቃል ትርጉም አይደለም።»

ትክክል ነበረች። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዳገቱን ወጣሁ። ጸሎቴ አጭር ነው፤ መናገር አላውቅበትም፣ ቆሜ አዳምጣለሁ። ከዚያ ወደ እትዬ ሃሴት ዘለቅሁ። ያኔ በእኔ ልጅነት ሃሴት፣ ሶልያና፣ ማክዳ የቆነጃጅት ስም ነበር፤ አሁን በነዚህ ስሞች የሚጠሩት ሁሉ ምርኩዝ ይዘዋል። እትዬ ሃሴት ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ቤታቸው አምባው ጫፍ ላይ ነው፤ ነፋሱ እዚያ ሲደርስ ተሰብሮ ወደ ገደሉ ይመለሳል።

ገና ከበሩ ሳልገባ፣ «ሳሙና ለወጥክ» አሉኝ። «የፊተኛው ይሻልህ ነበር።»

ነገርኳቸው። ጎመን እየቀነጠሱ ሰሙኝና ሲያበቃ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ "ሰምቻለሁ" ብለህ ጻፍክ? ጆሮህ የት ሄዶ ነው?»

«ቃሉን ሰማሁ፣ እትዬ። ሰዎቹን አልሰማሁም።»

«ደግ፣ ይህን ካወቅክ።»

«እርስዎ እህቴን እንዳሸተቷት ይምጡና ይህቺን ልጅ ያሽትቱልኝ። ለእናቷ ያስረዱልኝ። እኔ ማስረዳት አቃተኝ።»

«እኔ? እኔ እህትህን መቼ አሸተትኩ?»

«ያን ዕለት። "ጠረኗ ተለውጧል" ብለው።»

እትዬ ሃሴት ትንሽ አዩኝ፣ ከዚያ ሳቁ፤ ጥርስ የሌለበት ረጅም ሳቅ። «አንተ! ያኔ እኮ ገና አልወለድኩም። ከጨቅላ ምን አገናኝቶኝ! እሷ ናት ያለችው፣ እናትህ። እኔማ ወጥ ልዋስ መጥቼ፣ ምን ምን ትላለች ብዬ ጠየቅኳት እንጂ።»

አርባ ስድስት ዓመት ገልብጬው ኖሬያለሁ። እናቴ አፍንጫዋ የተለየ ሴት አልነበረችም። ወጥ አሳርራ ጎረቤት ነው የሚነግራት። «ምን አለችዎት?» አልኩ። ድምፄ እንደ ስድስት ዓመት ልጅ ቀጠነብኝ።

«"እኔን እኔን ትል ነበር፤ ዛሬ እኔን አትልም" አለች። ይኸው ነው። እኔ ልጅቷን ባሸታት ኖሮ ምንም አላውቅም ነበር። እናት ስለሆነች ነው ያወቀችው።»

ጎመኑን አንሥተው መቀንጠስ ቀጠሉ። ቆይተው፣ ሳያዩኝ፣ «ከነገ ወዲያ አረንጓዴ ከሆነ እወርዳለሁ» አሉ። «ቢጫ ከሆነ አንተም አትጠብቀኝ።»

ነፋሱ ሁለት ቀን ተኛ። በሰባ ስምንተኛው ቀን ከሰዓት እትዬ ሃሴት ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ኖላዊት ቤት ወረዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ትርሲት አልጋው ላይ በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያ ታያለች። እትዬ ሃሴት ከነጠላቸው ጥለት ላይ ቁራጭ ቀደዱና «ይህ ከኔ» አሉ። ከኖላዊት ደግሞ ጠዋት ጡቷ ላይ ያዋለችውን ሻሽ ጠየቁ።

«የሚሸት ነገር ነው እንዴ?» አለች ኖላዊት አፍራ። «አጥቤው ልስጥዎት።»

«እንዳታጥቢው!»

አንዱን በልጅቷ ቀኝ ጉንጭ፣ ሌላውን በግራ ጉንጭ አጠገብ አደረጉ። ትርሲት ጥቂት ቆየች። ከዚያ ጭንቅላቷን ቀስ እያደረገች ወደ እናቷ ሻሽ አዞረች፤ አፏን ከፈተች። እትዬ ሃሴት ጨርቆቹን አለዋወጡ። ልጅቷ ጠበቀች፣ ዞረች። ሦስተኛ ጊዜ ለዋወጡ። ዞረች።

ኖላዊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እኔ እኮ እዚህ ነኝ። አላየችኝም። በምን አወቀችኝ?»

«በጠረንሽ።»

«በሙቀ…» ብላ ጀመረችና ሻሹን በእጇ ጨበጠችው። ሻሹ ቀዝቅዞ ነበር። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ሰው አንድ ነገር ሲገባው አይቼ አውቃለሁ፤ ለአሥራ አንድ ዓመት በመስኮት በኩል አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

«እኔ ምን ምን እላለሁ?» አለች።

እትዬ ሃሴት ጎንበስ ብለው አንገቷ ሥር አሸተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ቆሎ ቆሎ ትያለሽ። ትንሽ ጨው አለው። ከሥሩ ሌላ አለ፤ እሱ ስም የለውም። እሱ አንቺ ነሽ።»

«እሷስ?»

ወደ ልጅቷ ዞረው አሸተቱ። «እሷ አንቺን አንቺን ትላለች።»

ኖላዊት ልጇን አንሥታ አፍንጫዋን አንገቷ ውስጥ ቀበረች፤ ረጅም ሳበች። ቀና ስትል ዓይኗ ሞልቶ ነበር። «ሳሙናው ብቻ ነው የሚሸተኝ» አለች።

ልጅቷ ጡቱን አገኘችና መጥባት ጀመረች።

ቃልአብ ከፈረቃው የተመለሰው ያኔ ነው። በሩን ከመክፈቱ ትርሲት ጡቱን ተፍታ ጮኸች፤ እግሯን እያንፈራገጠች፣ ፊቷ ደም እስኪመስል። ቃልአብ ደፍ ላይ ቆመ። ለማቀፍ የዘረጋውን እጁን መልሶ አወረደ።

«ይኸው» አለ። «ጋሽ ምትኩ፣ ይኸው ይዩልኝ። ሰባ ስምንት ቀን ሙሉ እንዲህ ነው። አንድ ደቂቃ አቅፌያት አላውቅም። ከሌላው ጋር ዝም ትላለች፤ ለኔ ነው የምትጮኸው። አባቷ ምን አድርጓት ነው?» ከደፉ ሳያልፍ ቀጠለ። «ስትከደን ይተዋታል አሉኝ። ትከደን! እኔ ተከድኜ ምን ጎደለኝ? ጠረን አይበላም።»

ቅጹ ላይ ለመፈረም ለምን እንደቸኮለ ያን ጊዜ ገባኝ። የፈራው ረሃቧን ብቻ አይደለም።

«ሞኝ!» አሉት እትዬ ሃሴት። «ላንተ መሰለህ የምትጮኸው? ለያዝከው ነው እንጂ!»

«ምን ያዝኩ?»

«ፋብሪካውን። ጎረቤትን አዝለህ ትገባና ልጄ ጠላችኝ ትላለህ! አሽተው እስቲ እጅጌህን።»

ቃልአብ እጅጌውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሳበ። ደግሞ ሳበ። «ምንም አይልም» አለ።

«ላንተ ነዋ።»

ጓሮ ወጣ። እትዬ ሃሴት እንዶድ አስወቅጠው አረፋውን በባልዲ ላኩለት። ታጥቦ መጣ፤ ከበሩ ሳይደርስ «ቆዳ ቆዳ ትላለህ፣ ተመለስ» አሉት። ፀጉሩን ደግሞ አጠበ። «አሁንም። ጥፍርህን ፈትግ።» ሦስተኛ ሲመለስ ሸሚዙን ለውጦ፣ ክንዱ ቀልቶ፣ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ የኅዳር ውሃ ነው። «እማማ፣ ቆዳዬን ልግፈፈውና ልምጣ እንዴ? ሥራውን እችልበታለሁ!» አለ። እትዬ ሃሴት አንገቱን ጎትተው አሸተቱት። ጊዜ ወሰዱ።

«አሁን ሰው ሰው ትላለህ። ግባ።»

ኖላዊት ልጅቷን ሰጠችው። ትርሲት አልጮኸችም። አፍንጫዋን ቃልአብ ደረት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሸች፣ ጭንቅላቷን አዞረች፣ ደግማ መለሰች። ልቧ ገና አልቆረጠም፤ እንግዳ ሆኖባታል። ግን አልጮኸችም። ቃልአብ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እንዳትነቃነቅ የፈራ ይመስል ትንፋሹን ይቆጥባል።

እትዬ ሃሴት ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሰው ሆነው፣ «እላይ አንድ ባዶ ክፍል አለኝ» አሉ። «ነፋሱ እስኪያልፍ ሦስት ወር ነው። እናትና ልጅ ቢወጡ አልጠላም። አንተም ማታ ማታ ትመጣለህ። ግን በሬ ላይ ቆመህ እኔ አሽትቼህ ነው የምትገባው።»

ቃልአብ ቀና አለ። «በየቀኑ? መንገደኛው እያየ? እንደ ወተት?»

«እንደ ወተት።»

«የሥራ ጓደኞቼ ቢሰሙ ስም ያወጡልኛል። አስብበታለሁ» አለ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

በማግሥቱ፣ በሰባ ዘጠነኛው ቀን፣ ቢጫው ባንዲራ ተሰቀለ። ትርሲት ከጠዋት ጀምሮ አልጠባችም። አመሻሽ ላይ ሦስቱም ጣቢያ መጡ። ሲስተር ሩሐማ ጠብታውን ከማቀዝቀዣ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ትንሽ ብልቃጥ ናት፣ አውራ ጣት ታህላለች። ልጅቷ በነጠላ ተሸፍና ታለቅሳለች፤ ድምጿ ደክሟል።

ቅጹን ዘረጋሁ። «ኖልዬ፣ በራስሽ አንደበት።»

«ብትከደን ነገ ትጠባለች» አለች ኖላዊት። «ቢጫም ቢሆን ትጠባለች። ይህን አውቃለሁ። እኔን ግን ሳታየኝ አታውቀኝም። እኔም አላውቃትም፤ ከሁለታችን የሚያውቅ አንድም አይኖርም።»

«ጠረን ምንድን ነው?»

አልቸኮለችም። «ሰው ሳይናገር የሚለው ነገር ነው። እኔ አልሰማውም። እሷ ትሰማለች።»

እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ በኋላ፣ «ሰምቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሰምቼ ነበርና። የጻፍኩት ግን ከተራ ቁጥር ሰባት ግርጌ ብቻ ነው፤ የውሳኔውን ቦታ ለነሱ ባዶ ተውኩት።

«ከነገ ወዲያ በየቤቱ ልዞር ነው» አልኳት ሲስተር ሩሐማን።

«ለሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት? ምን ሊሏቸው? የተሰፋው አይተረተርም።»

«ምን ብዬ እንዳስፈረምኳቸው እነግራቸዋለሁ። ይወቅሱኛል፤ እሰማለሁ።»

እሷ ወደ ቃልአብ ዞራ ጠበቀች። ውሳኔው የሁለቱም ፊርማ ይፈልጋል፤ ኖላዊት ስትናገር እሱ ብልቃጧን ነበር የሚያያት። እጁ ቀይ ነው። በእንዶድ ታጥቦ መጥቷል፤ ያውም ማንም ሳይነግረው። ደህና መታጠቡን ግን ራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ ከኖላዊት ሁለት ክንድ ርቆ የቆመው ለዚያ ነው።

«ጋሽ ምትኩ፣ እርስዎ ግልጥ ነዎት» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሁን ምን ምን እላለሁ?»

ተነሥቼ ቀረብኩት። አንገቱ ሥር አሸተትኩ። እንዶድ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከሥሩ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ጎረቤት። ነገርኩት። እንዳለ ነገርኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ልጁን አየ፣ ብልቃጧን አየ፣ በመስኮቱ በኩል ዳገቱን አየ፤ የእትዬ ሃሴት መብራት በርቶ ነበር። ከዚያ ብልቃጧን በአንድ ጣቱ ወደ ሲስተር ሩሐማ ገፋት። ሚስቱና ልጁ በዚያው ሰዓት ወደ አምባው እንዲወጡ፣ ነገም ልጁ ሳትከደን ክርስትና እንድትነሣ ከኖላዊት ጋር ፈረመ። ለራሱም፣ ነፋሱ እስኪያልፍ ድረስ በየማታው ከፈረቃ ሲወጣ ታጥቦ ዳገቱን ሊወጣ፣ መንገደኛው እያየ በእትዬ ሃሴት በር ላይ ቆሞ «ምን ምን እላለሁ?» ብሎ ሊጠይቅ፣ «ሰው ሰው» እስኪሉትም ላይገባ ተስማማ።